ተላላፊ በሽታ፣ ክትባትና የሽምግልና አእምሮ

በጭሮና በአካባቢዋ ባሉት ከተሞች ሁሉ፣ ከሂርና እስከ ገለምሶ፣ ከሚኤሶ እስከ መቻራ፣ የአንድ ሰፈር መዝገብ ቤት ሽማግሌው ናቸው። የእገሌ አባት መሬት ድንበር በየትኛው ዛፍ ሥር እንደሚያልፍ፣ ድርቅ የገባው በየትኛው ዓመት እንደ ሆነ፣ ሁለት ቤተ ዘመድ በምን ነገር እንደ ተቀያየመና በማን ሽምግልና እንደ ታረቀ የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው። በወረቀት ላይ ያልሰፈረው ብዙ ነገር ተጽፎ የሚገኘው በእነዚህ አባቶችና እናቶች ጭንቅላት ውስጥ ነው። ስለዚህ አንድ አዛውንት የልጃቸው ስም ሲጠፋባቸው፣ ከመስጊድ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የገዛ ቤታቸው መንገድ ሲደናገራቸው፣ የሚጎዳው አንድ ቤተ ሰብ ብቻ አይደለም።

ሕዝባችን ይህን ሁኔታ «ጃጁ» ብሎ ያልፈዋል። ቃሉ እርጅናንና የአእምሮ መድከምን አንድ ላይ አስሮ የያዘ ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው የማይመጣ ይመስል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ዛር ነው፣ ጅኒ ነው፣ የቆየ እርግማን ነው የሚለው ወሬ ነው። የሕክምና ትምህርት ግን የመርሳት በሽታ ብሎ ይጠራዋል፤ በሽታ ከሆነ ደግሞ ምክንያት አለው። ዕድሜ የሰጠው ሁሉ ያረጃል፤ ያረጀ ሁሉ ግን አእምሮውን አያጣም። ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው በኋላ የነገርን ፍሬ ከወጣቱ ይልቅ አጥርተው የሚናገሩ ሽማግሌዎች በየቀበሌያችን መኖራቸው ለዚህ በቂ ምስክር ነው።

ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ስለ ውጭ አገር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ አንዲት በሽተኛ አንጎል ለባልደረቦቹ ከገለጸ ወዲህ፣ ከመርሳት በሽታዎች ዋነኛው በእርሱ ስም ይጠራል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 በመርሳት በሽታ የሚሠቃዩት ሰዎች ቍጥር 57 ሚሊዮን ነበር፤ ከእነዚህም ከመቶ ከ60 የሚበልጡት የሚኖሩት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች ነው። የባለጠጎች በሽታ ነው የሚለው አስተሳሰብ እንግዲህ መሠረት የለውም።

ክቡራን አንባብያን፣ በዚህ ወር የምናነሣው ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ጥያቄ ነው። በልጅነት ወይም በጎልማሳነት የያዘ፣ ታክሞ ወይም በራሱ ጊዜ ድኖ የተረሳ ተላላፊ በሽታ ከብዙ ዘመን በኋላ ተመልሶ አእምሮን ዕዳ ይጠይቃልን? እንዲህስ ከሆነ፣ ክትባት የሳንባና የቆዳ ጠባቂ ብቻ ሳይሆን የማስታወስ ኃይልም ጠባቂ ሊሆን ይችላልን?

ጥያቄው አዲስ ይመስላል እንጂ የመጀመሪያው መልስ ከተገኘ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ19ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያዎች ከነበሩት በሽተኞች ብዙዎቹ ገና ጎልማሶች ነበሩ። ማስታወስ ያቅታቸዋል፤ አንደበታቸው ይተሳሰራል፤ አንዳንዶቹ ያልነበራቸውን ሀብትና ሹመት ይቈጥራሉ፤ በመጨረሻም ሽባ ሆነው ይሞታሉ። ሐኪሞች በምክንያቱ አይስማሙም ነበር፤ አንዱ የዘር ነገር ነው ሲል ሌላው የመጠጥ ነገር ነው ይላል። በ1913 በኒው ዮርክ ይሠራ የነበረው ጃፓናዊ ሊቅ ሂዴዮ ኖጉቺ ከባልደረባው ከሙር ጋር ሆኖ የእነዚህን ሙታን አንጎል በማይክሮስኮፕ ሲመረምር የቂጥኝን ተሐዋስ አገኘበት። ከብዙ ዓመታት በፊት በብልት ላይ ታይታ የዳነችው ትንሽ ቍስል ወደ አንጎል ዘልቃ ስትሠራ ኖራለች ማለት ነው።

የዚህ በሽታ ሕክምና ታሪክ ራሱ የሚያስደንቅ ነው። ፔኒሲሊን ከመገኘቱ በፊት የቪየናው ሐኪም ዩልዩስ ቫግነር ያውሬግ በ1917 የወባ ሕመምተኛ ደም ወስዶ ለእነዚህ የአእምሮ በሽተኞች ወጋቸው፤ የወባው ትኩሳት ቂጥኙን እንዲያጠፋለት አስቦ ነበር። ከበሽተኞቹ የተሻላቸውም ስለ ነበሩ በ1927 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በሚኤሶና በቦርዶዴ ቆላ ወባን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ መድኃኒት ከበሽታው የማይተናነስ ይመስለዋል፤ እኛም በዚህ እንስማማለን። ዛሬ ግን ቂጥኝ በጊዜው ከታወቀ በጥቂት የፔኒሲሊን መርፌ ይድናል። ነፍሰ ጡሮች ወደ ጤና ጣቢያ ለክትትል ሲመጡ ደማቸው የሚመረመርበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ስለ ኤች አይ ቪም ተመሳሳይ ነገር እንናገራለን፤ መድኃኒቱ ሳይገኝ በፊት ከሕመምተኞቹ ብዙዎች በመጨረሻ አእምሯቸው ይደክም ነበር፤ መድኃኒቱን በወቅቱ ጀምሮ ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው ግን ከዚህ ጽኑ ጉዳት በእጅጉ ይጠበቃል።

እነዚህ ክትባት የሌላቸው ናቸው። ክትባት ወዳለው እንለፍ፤ በዚህም ላይ ንግግራችን በተለይ ከመምህራን ጋር ነው።

ኩፍኝን የማያውቅ ቤት የለም። ትኩሳት፣ የዐይን መቅላት፣ ሽፍታ፣ ከዚያም ወይ መዳን ወይ በሳንባ ምች መሞት። አንዳንድ ወላጆች ኩፍኝን እንደ ልጅነት ወግ ይቈጥሩታል፤ ልጁ ሳይወጣለት ያላደገ ይመስላቸዋል። የማይታወቀው ነገር ግን ይህ ነው። ኩፍኝ ይዞት ከዳነ ልጅ ሁሉ ቫይረሱ ፈጽሞ አይወጣም። በጥቂቶች ልጆች አንጎል ውስጥ ተደብቆ፣ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 10 ዓመት ድረስ፣ ምንም ምልክት ሳያሳይ ይቈያል። ልጁ ያድጋል፤ ትምህርት ቤት ይገባል፤ ፊደል ይቈጥራል፤ ማንበብ ይጀምራል። ከዕለታት አንድ ቀን መምህሩ አንድ ነገር ይታዘባል። ትናንት ይመልስ የነበረውን ጥያቄ ዛሬ አያውቀውም። ደብተሩ ተዝረክርኳል፤ ጠባዩ ተለውጧል፤ እርሳሱ ከእጁ ይወድቃል። ቀጥሎ እጅና እግሩ በድንገት እየተንዘፈዘፈ ይጥለዋል። በወራት ወይም በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተማረውን ሁሉ ረስቶ፣ መናገርና መራመድ ተስኖት፣ ይሞታል። ይህ በዐሥር ዓመት ልጅ ላይ የደረሰ የመርሳት በሽታ ነው ቢባል ስሕተት የለበትም። የሚያድነው መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም።

በአሜሪካ በካሊፎርኒያ የተደረገ ምርመራ እንዳመለከተው፣ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ሳለ ኩፍኝ ከያዛቸው ልጆች ከ1,367 አንዱ፣ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ከያዛቸው ደግሞ ከ609 አንዱ በዚህ በሽታ ተይዟል። ቍጥሩ ትንሽ የሚመስለው ኩፍኝ ጥቂት በሆነበት አገር ነው። ኩፍኝ በየጊዜው በሚነሣበት አገር ግን ልጅ የሚያጡት ቤቶች ብዙ ይሆናሉ፤ ወላጆቹም የሕፃንነቱን ሽፍታ ከረሱት ዓመታት ስላለፉ ሁለቱን አያገናኟቸውም፤ ዐይነ ጥላ ነው ብለው ከጠበል ጠበል፣ ከሼኽ ሼኽ ሲንከራተቱ ልጁ ያልቃል። የኩፍኝ ክትባት በሚገባ በተዳረሰባቸው አገሮች ይህ የአንጎል በሽታ ከዐይን ጠፍቷል ለማለት በሚያስደፍር መጠን ቀንሷል። በአገራችን የመጀመሪያው መጠን በ9 ወር ይሰጣል፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሁለተኛው በ15 ወር እንዲሰጥ ተደርጓል። ብዙ እናቶች በመጀመሪያው ረክተው ስለሚቀሩ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይጓደላል።

ማጅራት ገትርና በአንጎል ላይ የወጣ ወባም የዳነውን ሰው ሁሉ እንደ ነበረ አይመልሱትም። በካምፓላ የተደረገ ጥናት በአንጎል ላይ ከወጣ ወባ ከዳኑት ልጆች ከአራት አንዱ ያህል ከሁለት ዓመት በኋላም በማሰብ ኃይሉ ጉድለት እንደ ታየበት አሳይቷል። ስለ አጎበር በሌላ ወር በሰፊው እንመለስበታለን።

እስካሁን የተናገርነው ተሐዋሱ በቀጥታ አንጎልን ስለሚያጠፋበት መንገድ ነው። አሁን ወደ ዋናውና ወደ ረቂቁ ነገር እንግባ፤ ማለት ተራ የሽምግልና መርሳት፣ እርጅና ያመጣው ነው የምንለው፣ ከተላላፊ በሽታ ጋር ግንኙነት አለውን?

በአማርኛ አልማዝ ባለጭራ የሚባል በሽታ አለ። ስሙ ያማረ፣ ሥቃዩ የከፋ ነው። በአንድ ጎን፣ በጎድን አጥንት ወይም በግንባርና በዐይን ዙሪያ፣ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ እንደ መቀነት ተሰድሮ ይወጣል፤ እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ሽፍታው ከደረቀ በኋላ እንኳ ሕመሙ በአረጋውያን ላይ ለወራት ሊቈይ ይችላል። ብዙ ሰው ከውጭ የመጣ፣ አዲስ የተለከፈው በሽታ ይመስለዋል። ነገሩ ሌላ ነው። በልጅነታችን ገላችንን ሲያሳክከን የነበረው ጉድፍ ሲድን ቫይረሱ አይሞትም። በጀርባ አጥንት አጠገብ ባሉት የነርቭ ሥሮች ውስጥ ገብቶ ይተኛል። የሰውነት ዘብ በእርጅና፣ በኤች አይ ቪ ወይም በሌላ ደዌ ሲደክም ከሃምሳና ከስድሳ ዓመት እንቅልፍ ነቅቶ በነርቩ መሥመር ወደ ቆዳ ይወጣል። ሽፍታው በአንድ ጎን ብቻ የሚሰደረው ስለዚህ ነው።

ይህን በሽታ የሚከላከል ዞስታቫክስ የተባለ ክትባት ነበር። በብሪታንያ በዌልስ ምድር የጤና ባለሥልጣኖች ይህን ክትባት ለአረጋውያን ለመስጠት በወሰኑ ጊዜ አንድ የዕድሜ ወሰን አበጁ። ክትባቱ በተጀመረበት ቀን፣ ማለት መስከረም 1 ቀን 2013፣ ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሁሉ ለዘለዓለም አይከተቡም፤ ከመስከረም 2 ቀን 1933 ጀምሮ የተወለዱት ግን ተራቸው ሲደርስ ይከተባሉ ተባለ። ውሳኔው የተደረገው መድኃኒቱ ውሱን ስለ ነበረና በጣም ባረጁት ላይ ኃይሉ ይቀንሳል ተብሎ ስለ ታሰበ ነው። የመርሳት በሽታ በዚያን ጊዜ በማንም ሐሳብ አልነበረም።

መምህራን ይህን ነገር ልብ ብለው እንዲመለከቱት እንፈልጋለን፤ የምርምር ብልሃት እንዴት እንደሚሠራ ለተማሪዎቻቸው ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም። በተለመደው መንገድ የተከተቡትን ካልተከተቡት ጋር ብናወዳድር ፍርዳችን ይሳሳታል። ለመከተብ ወደ ሐኪም የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ ከቀረው ይልቅ የተማረ፣ ኑሮው የተሻለ፣ ምግቡን የሚያውቅ፣ ደም ግፊቱን የሚያስለካ ነው። አእምሮው ቢጠበቅለት ክትባቱ ነው ወይስ ኑሮው? ለመለየት ያስቸግራል። በዌልስ ግን ከወሰኑ በአንድ ሳምንት በፊት የተወለደውንና በአንድ ሳምንት በኋላ የተወለደውን የሚለያቸው የልደት ቀን ብቻ ነው። በኑሮ፣ በትምህርት፣ በጤና አንድ ናቸው። ዕጣ እንደ ተጣለባቸው ያህል ነው። በአንድ ሳምንት ከቀደሙት መካከል የተከተበ የለም ማለት ይቻላል፤ በአንድ ሳምንት ከዘገዩት ግን ከመቶ 47 ያህሉ ተከትበዋል።

በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ፓስካል ጌልድሴትዘርና ባልደረቦቻቸው ከ280,000 የሚበልጡ የዌልስ አረጋውያንን የጤና መዝገብ ለሰባት ዓመት ተከትለው መረመሩ። ውጤቱ በሚያዝያ 2025 ታተመ። ክትባቱን የወሰዱት፣ ካልወሰዱት ይልቅ፣ በመርሳት በሽታ የመያዛቸው ነገር ከአምስት አንድ እጅ ያህል ቀንሶ ተገኘ፤ በሰው ሲቈጠር ከመቶ ተከታቢዎች ሦስት ወይም አራት ሰዎች በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ከበሽታው ድነዋል ማለት ነው። ጥቅሙ በሴቶች ላይ ጎልቶ ታየ። አውስትራሊያም በ2016 በዕድሜ ወሰን ክትባቱን ስለ ጀመረች በዚያም ተመርምሮ ወደዚሁ የሚያመለክት ውጤት ተገኝቷል። ዞስታቫክስ በኋላ ሺንግሪክስ በሚባል አዲስ ክትባት ተተክቷል፤ ስለ እርሱም በ2024 ከኦክስፎርድ የወጣ ጥናት ከቀድሞው የበለጠ ተስፋ የሚሰጥ እንደ ሆነ አመልክቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። እንዲህ ያለ ምርመራ በምዕራብ ሐረርጌ እናድርግ ብንል የመጀመሪያው እንቅፋት የሚሆነው ገንዘብ አይደለም። «ልደትዎ መቼ ነው?» ተብለው የሚጠየቁ አዛውንት «ጣሊያን በገባ በዓመቱ» ወይም «ጣሊያን በወጣ ማግሥት» ይላሉ እንጂ ቀኑን አይነግሩንም። የዌልስ ሊቃውንት ይህን ታላቅ ነገር ያወቁት ከሰማንያ ዓመት በፊት አንድ የመዝገብ ጸሓፊ የእያንዳንዱን ሕፃን የልደት ቀን ስለ ጻፈ ነው። ልጅ ሲወለድ ማስመዝገብን እንደ ቢሮ ጣጣ የሚቈጥር ሰው ይህን ያስብ።

የአልማዝ ባለጭራ ክትባት አእምሮን የሚጠብቀው በምን መንገድ ነው? ሊቃውንት ሁለት ነገር ይላሉ። አንደኛው፣ የተኛው ቫይረስ በነቃ ቍጥር በነርቭና በአንጎል የደም ሥሮች ላይ ብግነት ያስነሣል፤ ይህም ለረጅም ጊዜ ሲደጋገም አንጎልን ያደክማል። ከአልማዝ ባለጭራ በኋላ ባሉት ወራት በአንጎል ላይ የደም ሥር መዘጋት አደጋ እንደሚጨምር መታወቁ ይህን ሐሳብ ይደግፋል። ሁለተኛው፣ ክትባቱ የሰውነትን ዘብ በጠቅላላው አንቅቶ ለሌሎች ተሐዋስያንም ያዘጋጀዋል የሚል ነው። ክርክሩ ገና አላለቀም።

የዚሁ ቫይረስ ቅርብ ዘመድ የሆነ ሌላ አለ፤ በከንፈር ዙሪያ ውኃ የቋጠረ ቍስል የሚያወጣው፣ እኛ ምች የምንለው። ፀሐይ መታኝ ብለን ዳማ ከሴ የምንሻሽለት ይህ ቫይረስ ነው። ሩት ኢትዝሃኪ የተባሉ የማንቸስተር ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1991 በሞቱ አረጋውያን አንጎል ውስጥ የዚህን ቫይረስ ዘር ማግኘታቸውን ሲያስታውቁ ብዙዎች አላመኗቸውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ነገሩን በቁም ነገር የሚመለከቱት በዝተዋል። አንባቢ ግን አይደንግጥ፤ ይህ ቫይረስ በአብዛኛው የሰው ልጅ ገላ ውስጥ ያለ ነው፤ ከተሸካሚዎቹም የሚበልጡት አእምሯቸው ሳይጓደል ዕድሜያቸውን ይፈጽማሉ።

ስለ ኢንፍሉዌንዛ ጥቂት እንበል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ተሰብስቦ ሲቃጠልና ከተማው ሁሉ በጭስ ሲታጠን እናያለን። ይህ ልማድ የቀረልን በ1911 ዓ.ም. አገሩን ካጠፋው ከኅዳር በሽታ ነው። ከተማችን አሰበ ተፈሪ ተብላ የተጠራችላቸው ራስ ተፈሪ ራሳቸው በዚያ በሽታ ተይዘው በብርቱ ታመው ነበር። ጢሱ ለኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ምንም አላደረገውም፤ ቆሻሻ ማስወገዱ ግን ለሌላ ነገር ይጠቅማልና ልማዱን አንነቅፍም። ለኢንፍሉዌንዛ የሚሆነው ክትባት ነው። በ2022 በአሜሪካ በቴክሳስ የታተመ ጥናት፣ 65 ዓመት ከሞላቸው አረጋውያን የኢንፍሉዌንዛ ክትባት የወሰዱት በአራት ዓመት ውስጥ በአልዛይመር የተያዙት ከመቶ 5.1 ሲሆኑ ያልወሰዱት 8.5 ነበሩ ይላል። ነገር ግን ይህ የዌልስን ያህል አያሳምነንም፤ ተከታቢዎቹ በሌላም ነገር ከሌሎቹ የተሻሉ ሊሆኑ ይችላሉና።

ነገሩን አጋንነን እንዳናስመስል አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። በ2024 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት የተሰበሰቡ ሊቃውንት ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጡ፣ ሰው ሊለውጣቸው የሚችላቸው 14 ነገሮች ዘርዝረዋል፤ በእነዚህ ላይ በሚገባ ቢሠራ ከበሽታው እስከ 45 በመቶ የሚሆነውን ማስቀረት ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምተዋል። በዝርዝሩ ውስጥ ደም ግፊት፣ ስኳር በሽታ፣ ትንባሆ፣ የጆሮ መድከም፣ የዐይን መድከም፣ ብቸኝነት፣ በልጅነት ትምህርት ማጣትም አሉ። ተላላፊ በሽታ ገና አልገባበትም። መምህራን ግን በዝርዝሩ ውስጥ ሥራቸውን ያገኙታል፤ ልጅን ማስተማር ከስድሳ ዓመት በኋላ ለሚመጣው ሽማግሌ አእምሮ ስንቅ መቋጠር ነው። ስለ ብቸኝነትም፣ እኛ በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን፣ ከአልጋና ከመስኮት በቀር ጓደኛ የሌላቸው አረጋውያን የሚኖሩበትን ንጹሕና ዝምተኛ ቤት አይተናል። በጭሮ ሽማግሌው ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ስለሚውሉ በዚህ በኩል ያለን ሀብት የሚናቅ አይደለም። ጫትን ያላነሣነው ለምንድን ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። ጫት በዚህ አገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይሻል።

የአልማዝ ባለጭራ ክትባት በአገራችን በመንግሥት መደበኛ የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ነገ ሂዱና ተከተቡ ለማለት አንችልም። ነገር ግን ያለ አዲስ ክትባትም ዛሬውኑ የሚሠራ ብዙ ነገር አለ። ከሁሉ አስቀድመን የምንናገረው አንድ በየሳምንቱ የምናየውን ነገር ነው።

ጠና ያሉ እናት በሁለት ልጆቻቸው ተደግፈው መጡ። «ዶክተር፣ እናታችን ጃጅተዋል፤ ከትናንት በስቲያ ጀምሮ እኛን አያውቁንም፤ ከሞተው አባታችን ጋር ያወራሉ» አለ ትልቁ ልጅ። ከትናንት በስቲያ በፊትስ? «ደኅና ነበሩ፤ ላሚቱን የሚያልቡት እርሳቸው ናቸው።» ትኩሳት የላቸውም፤ ሳልም እምብዛም አልነበራቸውም። ደረታቸውን ብንሰማ ቀኙ ሳንባ በምች ተይዟል። መድኃኒት ተጀመረላቸው። በሦስተኛው ቀን ማለዳ «ላሚቱን ማን አለባት?» ብለው ልጃቸውን በስሙ ጠርተው ጠየቁ። መጃጀት በሁለት ቀን አይመጣም። የመርሳት በሽታ በወራትና በዓመታት እየተጎተተ የሚመጣ ነው። በድንገት የተለወጠ አእምሮ ብዙ ጊዜ የተደበቀ ተላላፊ በሽታ ምልክት ነው፤ የሳንባ ምች፣ የሽንት መሥመር ሕመም፣ ወባ፣ የቍስል መመረዝ። በአረጋውያን ላይ ያለ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል። ይህን የማያውቅ ቤተ ሰብ እናቱን በማዕዘን አስተኝቶ ሞታቸውን ይጠባበቃል፤ መድኃኒቱ ግን በጤና ጣቢያው መደርደሪያ ላይ ነበር። በፊንላንድና በብሪታንያ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ሆስፒታል የሚያስገባ ጽኑ ተላላፊ በሽታ የያዛቸው ሰዎች በኋላ ዘመናቸው በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። ስለዚህ ሳንባውን ቶሎ ማከም አእምሮን ከመጠበቅ የተለየ ሥራ አይደለም።

አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ሰው ሽፍታው በታየ በሦስት ቀን ውስጥ ወደ ጤና ጣቢያ ይምጣ። አሲክሎቪር የሚባለው መድኃኒት በእነዚህ 72 ሰዓታት ውስጥ ሲጀመር የበለጠ ይሠራል። ቅጠል እየለጠፉ ሳምንት ከቈዩ በኋላ መምጣት መድኃኒቱን ማባከን ነው። በግንባርና በዐይን ዙሪያ ከሆነ አንድ ቀንም አይደር፤ ዐይን ሊጠፋ ይችላል። ወጣት ሰው ላይ ከወጣ የኤች አይ ቪ ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው።

መምህራንን የምንለምናቸው አንድ ነገር አለ። አንደኛ ክፍል የሚመዘገበው ልጅ የክትባት ካርዱን ይዞ እንዲመጣ ለወላጆች ይንገሩ። ካርዱን ሲመለከቱ ለኩፍኝ የተሰጡትን ሁለት ቦታዎች ይፈልጉ፤ አንዱ በ9 ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር የሚሞላ ነው። ሁለተኛው ባዶ ከሆነ ወይም ካርዱ ከጠፋ የልጁን ስም፣ የወላጁን ስምና ቀበሌውን ጽፈው ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይስጡ። ልጁ ሊሰጠው የሚገባውን ጤና ጣቢያው ይወስናል። ጎበዝ የነበረ፣ ያለ ምክንያት ትምህርቱን መርሳትና እጁን መንቀጥቀጥ የጀመረ ተማሪ ካለም፣ ሰነፍ ተብሎ ሳይገረፍ፣ ወላጁ ተጠርቶ በሕፃንነቱ ኩፍኝ ይዞት እንደ ሆነ ይጠየቅና ከመልሱ ጋር ወደ ጭሮ ሆስፒታል ይላክ።